ለግመል የወጣ ሰፈር

«ምንም አልሆንሽም፤ ደህና ትመስያለሽ» ያለኝ ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ የሞያሌን የከብት ገበያ ሞልቶ ይተርፋል። ነርስ ብሎኛል፣ ደንበኛ ብሎኛል፣ የባሌ እናት ብለውኛል፣ ባሌም ራሱ ብሎኛል። ደህና ግን አልነበርኩም። ይህን የምጽፈው በዓይን የማይታይ በሽታ ይዟችሁ፣ ፊታችሁ ስላልገረጣና እግራችሁ ስላልተሰበረ ብቻ ውሸታም ለተባላችሁ ነው። «ደህና ትመስያለሽ» ባዮቹ ባያነቡት ይሻላቸዋል፤ ስለ እነሱ የጻፍኩት ጥሩ ነገር የለም።

ሐዋ እባላለሁ። የተወለድኩት ከድንበሩ ወዲያ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ኬንያዊውን ባሌን አደንን ካገባሁ ወዲህ ከሞያሌ ከተማ አጠገብ፣ ሄሉ እንኖራለን። እሱ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከወር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እኔ ከወዲያ ሽርጥና ሻሽ እያመጣሁ ወዲህ እሸጣለሁ። ቤታችን ከባሌ ወንድም ከኑር ግቢ ጋር በአጥር ብቻ ይለያል። ኑር የግመል ደላላ ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ግን ዋና ሥራው ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ተጋድሞ ሚራ፣ ማለት ጫት፣ መቃም ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ልጃችን ሐናን ሳትወለድ ነው። መጀመሪያ ውሃ ጥም ነበር። ጠጥቼ አልረካም፤ ጠጥቼ ሳልጨርስ ደግሞ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ቀሚሶቼ በላዬ ላይ ሰፉ። የገበያ ሴቶች «ቀጠንሽ፣ አማረብሽ» እያሉ ምን እንደምበላ ይጠይቁኝ ነበር። እየሞትኩ መሆኔን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ አማረብሽ ያለኝ ግን ብዙ ነው።

በኬንያ በኩል ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «ታይፎይድ ነው» አለኝ። እዚያ ቤት ራስ ምታትም ታይፎይድ ነው፣ የተሰበረ ክንድ ይዞ የገባም ታይፎይድ ሳይባል የሚወጣ አይመስለኝም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ባሰብኝ። ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሬ ሌላ ክሊኒክ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ወባ ነሽ ተባልኩ። ድንበሩን በተሻገርኩ ቁጥር በሽታዬ ዜግነት ይቀይር ነበር። በሁለቱም አገር የእንጨት አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን እየተቀመጥኩ፣ በሁለቱም አገር ጣቴን ወግቶ የደም ስኳሬን ለማየት ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዘመድ ተሰበሰበና ጂን ነው ተባለ። አንድ አዋቂ ነኝ ባይ መጥቶ ዙሪያዬን ዞረና ጥቁር ፍየል ጠየቀ። ፍየሉን በላ፤ ጂኑን ግን ሳይወስደው ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ማስመለስ ጀመረኝ፤ ትንፋሼ እንደ ሮጠ ሰው ሆነ። አደን በዕድሌ ቤት ነበር፤ በቱክቱክ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰኝ። አንዲት ነርስ ምንም ሳትጠይቀኝ ጣቴን ወጋች። መለኪያው ስኳሩ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ቁጥር መጻፍ አቃተው። «ሱካሪ» አለች፤ ስኳር በስዋሂሊ። እጄን ያዝ አድርጋ «ፖሌ ዳዳ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ስንት ጊዜ እንዲህ ስትንገላቺ ኖርሽ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስታመም እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች አለቀስኩ። የእኔ ዓይነቱ የስኳር በሽታ በክኒን አይያዝም፤ በየቀኑ ኢንሱሊን የሚባለውን መርፌ ራስን መውጋት ይጠይቃል። ተማርኩ፣ ወጋሁ፣ ተረፍኩ። ሐናንንም ወለድኩ።

ስለ ስኳር በሽታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መጨመሩን ነው። «ሻይ አትጠጪ፣ ቴምር አትንኪ» የማይለኝ ሰው የለም፤ በሕይወቱ መርፌ ይዞ የማያውቀው ሁሉ ይመክረኛል። መውረዱን ግን ማንም አይጠይቅም። መርፌውን ወግተህ ምግብ ከዘገየ ወይም ከልክ በላይ ከደከምክ ስኳሩ ይወርዳል፤ አንጎል የሚሠራበት ያጣል። መጀመሪያ አካባቢ ሰውነቴ ይነግረኝ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል፤ ስኳር እቅማለሁ፤ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ መንቀጥቀጡም የልቡ ምትም ጠፉ። ሳላውቀው እያላበኝ፣ ቆሜ እያወራሁ በድንገት ምላሴ ይተሳሰራል፣ እንደ ሰካራም እንገዳገዳለሁ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ።

አንድ ቀን ሸቀጤን ተሸክሜ ድንበሩ ላይ እንደዚያ ሆንኩ። አስካሪው፣ ማለት ዘበኛው፣ ሻሼን አይቶ «እስላም ሆና ጠጥታለች» አለ። ሌላው «ሚራ ነው» አለ። ሦስተኛው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር አሸተተኝ፤ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ መሆኑ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር የሚያስነሳትን ሴት ከበው ክብሪት ያሸታሉ። ክብሪት አሽቶ የዳነ ሰው እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ክብሪት የሚጭር ግን በየመንገዱ ሞልቷል። ያን ቀን የነቃሁት አንዲት ለስላሳ የያዘች መንገደኛ ሴት አፌን ስላረጠበችልኝ ነው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሄሉ ገባ። የባሌን እናት ልጄ በቦረንኛ አኮ፣ አያቴ፣ ብላ ትጠራቸዋለች፤ ስለዚህ እኔም አኮ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ከወዲያ ጨው እያመጡ ስለነገዱ አማርኛ ይችላሉ። ሰካራም አላሉኝም፤ ፊቴን ብቻ አዩት። አስተያየታቸው ከስድብ ይብሳል።

ከዚያ ያ የማልረሳው ቀን መጣ። ምግብ እያበሰልኩ ወደቅሁ። ቤት ውስጥ ከሐናን በቀር ማንም አልነበረም። የተኛሁ መስሏት አጠገቤ ቁጭ ብላ በሻሼ ጫፍ ዝንብ ስታባርርልኝ ነበር። ድስቱ ነዶ ጢሱ በመስኮት ሲወጣ ጎረቤቴ ሞሚና አየችና ገባች። አኮ በዚያው ቀን መጥተው ልጅቷን በእጇ ያዟት።

«ልጅ ከምትወድቅ ሴት ጋር ብቻዋን አታድርም» አሉ።

«አኮ፣ ልጄ ናት» አልኳቸው።

«ለኔም ልጄ ናት። መውደቁን ስትተዪ ትመጣለች።»

ልክ ነበሩ ለማለት እስከ ዛሬ ምላሴ አይታዘዘኝም። ለአደን ስልክ ደወልኩ። «ትንሽ ታገሺ» አለ። አደን ጎማ ቢፈነዳም፣ ቤት ቢቃጠልም፣ ልጁ ቢወሰድበትም መልሱ «ትንሽ ታገሺ» ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ብቻዬን ስተኛ ሁለት ነገር እፈራ ነበር፤ አለመንቃቴን፣ ብነቃም ልጄ አጠገቤ አለመኖሯን።

ናይሮቢ ያለ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የአንገቴን ሐብል የሸጥኩት ለዚያ ነው። ከማርሳቢት ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የሐኪሙ የመጠበቂያ ክፍል ግን ከመንገዱም ይረዝማል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ምግብ አሠራር ያሳያሉ፤ እኛ በሽተኞቹ ኬክ ሲጋገር እያየን ተራ እንጠብቃለን። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ስኳሩ ደጋግሞ ስለወረደ ሰውነቴ ማስጠንቀቂያውን እንዳቆመ በደንብ አስረዳኝ። መርፌውን አስተካከለልኝ። ልወጣ ስል ለጨዋታ ያህል «ውጭ አገር እኮ የስኳር መውረድን በማሽተት የሚያውቁ ውሾች ያሠለጥናሉ። ከላብና ከትንፋሽ ይሸታቸዋል» አለኝ።

«ከየት ላግኝ?» አልኩት።

ሳቀ። «እሱ ለወዙንጉ ነው፣ ማማ። ለነጮች።»

«የነጭ ላብ የሚሸተው ውሻ የእኔ ላብ አይሸተውም?»

የሚቀጥለውን ተራ ጠራ። ሐኪሞች በሽተኛ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቃል ብለው አይጠብቁም።

ቡቲዬ በምትባል መንደር ፍየል የሚያረቡ ዘመዶች አሉን። የፍየል ጠባቂያቸው ውሻ ወልዳ ነበር። ከቡችሎቹ መካከል ሁሉን ነገር እያሸተተች የምትዞር ነጭና ቀይ ዝንጉርጉር ሴት መረጥኩ። ቡሬ አልኳት። በካርቶን አድርጌ በቦዳቦዳ ሞተር ይዣት ስመጣ ባለ ሞተሩ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሐኪሜ ናት» አልኩት። እስኪያደርሰኝ ድረስ ሌላ አልጠየቀኝም።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ የውሻ ምራቅ ወይም እርጥብ አፍንጫ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በንጹህ አፈር ነው። ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ይባላል። ይህ ሕግ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። የሚያናድደኝ ሕጉ አልነበረም። የሚያናድደኝ ዓመቱን ሙሉ ሰላት ጊዜ ሲያልፍ ከሚራው ቀና የማይል ሁሉ ቡሬን ሲያይ በአንድ ጊዜ ዓሊም መሆኑ ነው። ኑር በአጥሩ ላይ «ሐዋ፣ ያቺን ነገር አስወጪ፤ ግቢውን አረከሰችው» አለኝ። ጥርሱ አረንጓዴ ነበር።

አኮ በበኩላቸው በር ላይ ቆመው ሳይገቡ፣ ውሻን በቦረንኛ ሰሬ እያሉ ተናገሩ። «መውደቁ ሳያንስ ሰሬ አመጣሽ? ይቺ ውሻ እዚህ እስካለች ሐናን እግሯ አይረግጥም።» እንግዲህ ልጄን የሚመልስልኝ አለመውደቄ ነው፤ ከመውደቅ የምታድነኝ ውሻዋ ናት፤ ውሻዋ ካለች ደግሞ ልጄ አትመጣም። አማቴ ሳያውቁት እንዲህ ያለ ቋጠሮ ይቋጥራሉ፤ አውቀውት ቢሆን ኖሮ አደንቃቸው ነበር።

ሼኹን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም። ሁሉንም ሰምተው «ለከብት ጥበቃ፣ አውሬ ለማደን፣ ለቤት ጥበቃ የሚያዝ ውሻ ችግር የለበትም። ያንቺዋ ምን ትጠብቃለች?» አሉኝ።

«እኔን።»

«እንግዲያ ጠባቂ ናት። ከቤት ውጭ ትሁን፤ ምራቋን ተጠንቀቂ። አላህ ይማርሽ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከብዙ ክሊኒክ ያላገኘሁትን ነገር በአንድ ስኒ ሻይ ጊዜ አገኘሁ፤ የሚያዳምጥ ሰው።

ሥልጠናውን ከስልክ ቪዲዮ ነው የጀመርኩት። ፈረንጆቹ አልጋቸው ላይ ተኝተው ውሻው ፊታቸውን ይልሳል፤ ስኳራቸው ወርዷል ማለት ነው። እኔ ቡሬ ፊቴን ብትልሰኝ ስኳሬን ከማስተካከሌ በፊት አፈር ፍለጋ ልወጣ ነው። ስለዚህ ሳትነካኝ የምትጠራበት መላ መፈለግ ነበረብኝ። አንድ ቀን ገበያ ላይ መላው ጆሮዬ ላይ ተንቋቋ። በግመል አንገት የሚታሰር የእንጨት ደወል ነው፤ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ደረቅ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ትልቁን ገዛሁ። በረንዳው ላይ ሰቅዬ ገመድ አሰርኩለት፤ የገመዱን ጫፍ ቋጥሬ ለቡሬ አፍ በሚደርስ ቁመት ተውኩት። አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ከበሩ ግርጌ ቆርቆሮውን ቆርጬ ሽታዬ የሚወጣበት ቀዳዳ አበጀሁና በሽቦ ወንፊት ሸፈንኩት። እሷ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፤ መላእክት ለመግባት ቢፈልጉ በሩ የእነሱ ነው።

ስኳሬ መውረዱን መለኪያው ባሳየኝ ቁጥር፣ ስኳር ከመቃሜ ጋር አንገቴንና ግንባሬን በጥጥ እየጠረግሁ በክዳናም ብልቃጥ አስቀምጥ ነበር። ሙቀት ሽታውን እንዳያጠፋው ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ያላት ለስላሳ የምትሸጠው ሞሚና ናት። ብልቃጡን ተቀብላ አገላበጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላቤ።»

«ዋላሂ፣ ሐዋ፣ ደንበኛ ካየው ሱቄ ይዘጋል» አለችና በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ከፋንታዎቹ ኋላ ደበቀችልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም። ሄሉ ውስጥ አፏን የምትጠብቅ ሴት እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ቡሬ ጥጡን ስታሸት ጉበት መወርወር። ቀጥሎ ንጹህ ጥጥ ካለባቸው ብልቃጦች መሐል የእኔን ለይታ እንድታወጣ ማድረግ። ለብቻው ደግሞ የገመዱን ቋጠሮ ሞራ ቀብቼ መጎተት አስተማርኳት። በመጨረሻ ሁለቱን ማገናኘት፤ ያ ሽታ ሲመጣ ገመዱን ጎትቺ፣ እኔ ወጥቼ ጉበት እስክሰጥሽ አታቁሚ። እንዲህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል። ቡሬ ጉበት ባማራት ቁጥር ደወለች። ድመት ስታይ ደወለች። ኑር ሲያልፍ ደወለች፤ ለዚህኛው ጉበት ልሰጣት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ከዚያ ደንብ አወጣሁ፤ በደወለች ቁጥር ጣቴን እወጋለሁ፣ መለኪያው ካልመሰከረላት ጉበት የለም። ጣቶቼ እንደ ወንፊት ሆኑ። አንድ ቀን በጣም ደህና ነኝ ብዬ ልብስ ሳጥፍ ደወለች። ተቆጣኋት። ደገመች። በንዴት ጣቴን ወጋሁ፤ ስኳሬ ወርዷል፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ቴምር እየበላሁ አየኋት። በዚህ ከተማ «ደህና ትመስያለሽ» ያላለችኝ የመጀመሪያዋ ፍጥረት ናት።

ከዚያ ወዲህ መውደቅ ቆመ። ለአኮ ነገርኳቸው። «ውሻዋስ?» አሉ። አለች አልኳቸው። «እንግዲያ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ሐናንን የማያት እሳቸው ግቢ ነበር፤ ስመለስ እስከ አጥሩ ትሸኘኝና «ቡሬ አድጋለች?» ብላ ትጠይቀኛለች። ቡሬን ላስወጣትና ልጄን ልውሰድ ብዬ ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። ግን እንደገና ብወድቅ፣ እንደገና ዝንብ የምታባርርልኝ ሐናን ናት።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከገበያ ገብቼ መርፌዬን ወጋሁ። ምግቡ እሳት ላይ ነበር። በዚህ መሐል ሸቀጤ ድንበር ላይ ተያዘ ብሎ ተሸካሚው ደወለልኝ። በስልክ ተጨቃጨቅን፣ ተሳደብን፣ ዘጋሁበት። ትንሽ ደከመኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ሞሚና ናት፤ እየሳቀች ስለነገረችኝ አምናታለሁ።

ቡሬ ደወለች። እኔ አልተነሳሁም። ጉበት ስላልመጣ አላቆመችም። በዚያ ሰዓት ኑርና ጓደኞቹ በጥላው ሥር ተጋድመዋል። እነዚህ ሰዎች እኔ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ እዚያው አጥር ሥር ወድቄ ሻሼ ሲገለጥ ጋደም እንዳሉ ያዩኝ ናቸው። ሴት ብትጮህ «የባልና ሚስት ነገር ነው» ይላሉ፤ ልጅ ቢያለቅስ «እናቷ አለች» ይላሉ። የእንጨት ደወሉ አላቆም ሲል ግን ኑር ከትራሱ ቀና አለ።

«የጠፋ ግመል ገብቷል» አለ።

አንድ ግመል ለሁሉም በቃ። ሁሉም ተነሱ፤ ጫማውን ያላገኘው በባዶ እግሩ ሮጠ። አንዱ ዱላ፣ አንዱ ገመድ ያዘ፤ ግመሉ ገና ሳይገኝ ማን አስቀድሞ ሰማው በሚል መጨቃጨቅ ጀመሩ። መንገዱን አዩ፣ የለም። በአጥሬ ላይ ሲያዩ አንዲት ዝንጉርጉር ውሻ ገመድ በአፏ ይዛ ትጎትታለች። አንዱ ድንጋይ ወረወረባት። ጎኗን መታት፤ ጮኸች፤ ሸሸት አለችና ተመልሳ ገመዱን ያዘች። ይህን ያየው ኑር ነው። አጥሩን ዘለለ፣ በበሩ ግርጌ ባለው ቀዳዳ አጎንብሶ ተመለከተ፤ እግሬን አየ።

በሩን ሰበሩት። አንዱ ክብሪት ፈለገ፤ በእርግጥ። ሌላው ውሃ ሊያጠጣኝ ኩባያ አነሳ። ሞሚና እየሮጠች ደረሰችና ኩባያውን ከእጁ መትታ ጣለችው፤ ራሱን የሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር ወደ ሳንባው ይገባል፣ ያንን ነግሬያት ነበር። በጎኔ አስተኝታ ማር በጣቷ እያጠቀሰች ድዴን ቀባችኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ጣፋጭ ነገር ነው። ቀጥሎ የሰማሁት ከበሩ በኩል የአንድ ወንድ ድምፅ ነው።

«ታዲያ ግመሉ የታል?»

ሆስፒታል ወሰዱኝና ግሉኮስ ተሰካልኝ። ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አትነቃም ነበር አሉ። አኮ ወደ ማታ መጥተው ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ።

«ኑር ግመል ፈልጎ ነው የመጣው አለኝ» አሉ።

«አዎ፣ አኮ። ለእኔማ ቢሆን ማን ይመጣ ነበር?»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ድንጋይ እየተወረወረባት ተመለሰች አሉ» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ኑር ዛሬ ይህን ታሪክ ሲያወራ ግመል የሚባል ነገር የለበትም። «የሐዋ ነገር ልቤን ሲከነክነኝ ነበር፤ ተነሱ አልኳቸው» ይላል። ጓደኞቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እነሱንም ልባቸው ነግሯቸው ነበርና። ይበሉ። በሩን የሰበረው እሱ ነው፤ ያንን አልነፍገውም።

ለእናንተ፣ እንደ እኔ ደህና ለምትመስሉት፣ ጥቂት ነገር ልበል። ጣታችሁን ሳይወጉ ስም የሚያወጡላችሁን ክሊኒኮች ጥላችሁ ውጡ፤ ብዙ የሚጠማችሁና ያለ ምክንያት የምትከሱ ከሆነ «ስኳሬን ለኩልኝ» ብላችሁ በአፋችሁ ጠይቁ። ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር አይጥፋ። መርፌ ወግታችሁ ከሰው ጋር በስልክ አትጣሉ፤ መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ተሳደቡ። ውሻ መለኪያን አይተካም፤ ሐኪምንም አይተካም። አጠገባችሁ ላለ አንድ የምታምኑት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ ሞሚና ባትኖር ይህን አልጽፍም ነበር። ሰፈሩን በሙሉ ለማስረዳት ግን አትድከሙ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አርብ ቀን፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። አኮ ናቸው። በአንድ እጃቸው ሐናንን ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ከባድ ማዳበሪያ ከረጢት እየጎተቱ ነበር፤ የልጅቷ ልብስ ነው ብዬ ልቀበላቸው ተንደረደርኩ። አልሰጡኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻዋ ያለችበትን ግቢ ረግጠው እስከ በረንዳው መጡ። ቡሬ ከገመዷ አጠገብ ተኝታ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ከረጢቱን ከውሃ ጀሪካኑ አጠገብ አስቀምጠው አፉን ፈቱት።

አፈር ነበር።

«ከቡቲዬ ነው፤ ንጹህ ነው፤ ከብት ያልረገጠው» አሉ። «ልጅ ናት፤ ውሻውን መንካቷ አይቀርም። ምራቅ ሲነካት ሰባት ጊዜ ታጥቢያታለሽ፤ አንዱን በዚህ። ሲያልቅ ንገሪኝ፤ አመጣለሁ።»

ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሐናን እጃቸውን ለቃ ወደ በረንዳው ሮጠች። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ሰፈሩን ሁሉ በንቀት ማየት ለምዶብኛል፤ ያን ቀን ግን የሳቸውን ጀርባ ሳይ ንቀቱ ከየት እንደሚመጣልኝ ጠፋኝ፣ አለቀስኩ።

ጎንበስ ብዬ እጄን ከረጢቱ ውስጥ አስገባሁ። ጠጠር የለበትም፣ ገለባ የለበትም። በወንፊት ነፍተውታል።